ፍየሏ፣ ጃርቱና እኔ

በደርግ ዘመን ከናዝሬት እስከ ባቱ የኔን ያህል እንግሊዝኛ የጠጣ ሰው አልነበረም። ፈረንጅ ራሱ ቃል ሲጠፋው እኔን ቢጠይቅ ይሻለው ነበር። ብቻ መዝገበ ቃላቴ ከ«ሲ» ፊደል በኋላ ያለው ገጽ የለውም፤ ባለሱቁ ለኔ ከመሸጡ በፊት በርበሬ ጠቅልሎበታል። እስከ «ሲ» ድረስ ግን ማን ይደርስብኛል!

ጉድ የፈላው የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ቅዳሜ ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደ ወንጂ ሲዘምቱ እኔ የቀረሁ ጊዜ ነው። ሰኞ በውይይት ክበብ ተነስቼ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ሰበቤ ካልጣመ «አድኃሪ» ተብዬ ልጻፍ ነው፤ ያ ስም የተለጠፈበት ሰው ደግሞ ሥራውን ቢሰናበት ይሻለዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ካፕሪስ ይዞኝ ነበር።»

«ሐኪም አየህ?»

«በሽታ አይደለም ጓድ፤ እንግሊዝኛ ነው። ሰው ደህና ቁጭ ባለበት ድንገት ውል የሚለው አምሮት ማለት ነው። እኔን የቆቃ ዓሣ ውል አለኝ፤ እግሬ ይዞኝ ሄደ።»

«የቃሉ ምንጭ ከየት ነው?» ሊቀመንበራችን የነገር ሁሉ ምንጭ ካልተመረመረ አይተኛም።

«ከጣሊያን።»

«ከፋሽስት!» ብላ ጮኸች ታይፒስቷ። አዳራሹ ተንጫጫ።

«ኧረ እኅቴ፣ ፋሽስት ሳይፈጠር የነበረ ቃል ነው! ከፍየል ጋር ያያይዙታል። ፍየል ሳታስበው ዘለል ትል የለ? ፍየል ደግሞ ከጭቁኖች ወገን ናት።»

ሊቀመንበሩም ፈገግ አለ። ተረፍኩ ብዬ ልቀመጥ ስል፣ በሩ አጠገብ የነበሩት ሽማግሌው ዘበኛችን እጃቸውን አወጡ። ደራ አካባቢ ፍየል ሲጠብቁ ያደጉ ሰው ናቸው።

«ያ ጉርባ፣ ስማኝ አንተ ልጅ፣ እኔ ፍየል አውቃለሁ። ፍየል ዝም ብላ አትዘልም። ወይ የምትበላውን አይታለች፣ ወይ የሚበላትን አይታለች። አንተ የቱን አይተህ ነው?»

«የምበላውን ነዋ አባባ! ዓሣ!»

«ታዲያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሌሊት ጥበቃዬ ወጥቼ በደጅህ ሳልፍ ሲያንኮራፋ የሰማሁት ዓሣው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ፣ «አንተን አድኃሪ ማለት አድኃሪያንን መስደብ ነው» አለኝና የሚመጣው ቅዳሜ ከፊት መስመር እንድቆርጥ ፈረደብኝ።

ከመዝገበ ቃላቱ ሆን ብዬ ያላነበብኩላቸው አንድ መስመር ነበር። ፍየሏ በኋላ የመጣች ናት፤ ቃሉ መጀመሪያ ሲወለድ በፍርሃት ጸጉሩ እንደ ጃርት የቆመ ራስ ማለት ነበር። የኔ ካፕሪስ ያኛው ነው። እባብ እፈራለሁ። «ሸንኮራው ውስጥ እባብ አለ» ሲሉ ስለሰማሁ ነው ብርድ ልብስ ተከናንቤ የዋልኩት።

በቅጣቴ ቅዳሜ ማሳው ውስጥ አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ገጀራዬን ጥዬ ሊቀመንበሩ ጀርባ ላይ ወጣሁ። ሲታይ የሸንኮራ ቅጠል ነው። ሱሪዬ ረጥቦ ነበር። «ጤዛ ነው» አልኳቸው።

ጤዛ አልነበረም።