በፍራሹ ጠርዝ ላይ የተሰካው መርፌ

አምቡላንስ ላይ በተመደብሁበት ቀን ኃላፊያችን ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ቃሬዛውን፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደርና ፋሻውን አሳየኝ። የጓንቱን ካርቶን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው። «ይኼ ለማዋለድ ነው። ቁስለኛ ስታነሺ እጅሽን አትሸፍኚ፤ ሕዝቡ ይቀየመናል» አለኝ። ስሙን አልጽፍም። በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ራሱን ያውቃል።

ስለ ሕዝቡ ያለው ሐሰት አልነበረም። የዳባት ገጠር ልጅ ነኝና አውቀዋለሁ። ያገሬ ሰው ቁስለኛውን በባዶ እጁ አቅፎ፣ በጋቢው ጠቅልሎ ነው የሚያነሣው። ገለል ያለ እንደ ባዳ ይቆጠራል።

ብዙም ሳልቆይ ከወለቃ በላይ መጥረቢያ እግሩን ያገኘው ገበሬ ልናነሣ ሄድን። ጓንት ሳጠልቅ ወንድሙ ክንዴን ያዘኝ።

«ምነው እቴ? ወንድሜ ምን አለበት ብለሽ ነው?»

«ምንም አላልሁም። ለሁሉም ነው የማደርገው።»

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በሽታ የለም! አውልቂው!»

የቁስለኛው ሚስት እግሩን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችው። «ቄሱስ የቁርባኑን ጻሕል በባዶ እጁ ይይዘዋል? ተዋት ታክመው» አለችው። ክንዴን ለቀቀኝ።

ወሬው ግን ቢሮ ደረሰ። «ጓንት ካማረሽ ማዋለጃ ክፍል ላዛውርሽ» አለኝ ኃላፊው። ከዚያ ወዲያ ጓንቱን በጋውኔ ኪስ ይዤ እወጣ ነበር። እሱ ካለ በኪሴ፣ እሱ ከሌለ በእጄ።

ሾፌራችን አያ ሰይድ የጎንደር ነጋዴዎች ልጅ ነው። ወንድሞቹ ጨርቅ ሲሸጡ እሱ ማኪና መረጠ። ቃሬዛውን በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው እሱ እንይዛለን። ከጉዞ በኋላ ፍራሹን በበረኪና የሚያጥበውም እሱ ነበር፤ ያውም በባዶ እጁ።

«አያ ሰይድ፣ ጓንት አድርግ እንጂ።»

«ሲስተር፣ ይኼ እኮ በመሪ የደነደነ እጅ ነው። መርፌ ቢነካው መርፌው ይታጠፋል» ይለኝና ይስቃል።

አንድ ቀን በደባርቅ መንገድ ማኪና ተገለበጠ። ከተጎዱት አንዱ የባለሥልጣን ዘመድ ነው ስለተባለ ኃላፊያችን ራሱ አብሮን ወጣ። ያን ቁስለኛ ይዘን ስንመለስ ኃላፊው ግሉኮስ ሰካለት። ቀጭኑን ቱቦ ደም ሥሩ ውስጥ ትቶ ያወጣውን መርፌ ግን መጣያው ሳጥን አጠገቡ እያለ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ሰካው። ልማዱ ነበር። እኔ በሁለት እጄ የቁስለኛውን ጭን ተጭኜ ደም አቆማለሁ።

«መርፌውን ሳጥን ውስጥ ቢጥሉት» አልሁት።

«ኋላ ይጣላል። አታስተምሪኝ።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ኃላፊው ወርዶ ወደ ቁስለኛው ዘመዶች ሄደ። አያ ሰይድ ቃሬዛውን ሊስብ ፍራሹን ጨበጠ። «ያ አላህ!» ሲል ሰማሁ። መርፌው መዳፉ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ነቀልሁለት።

ኃላፊው ተመልሶ አየ። «በአልኮል ጥረገው፣ ምንም አይደል» አለው። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሾህ ነው የወጋው። ሰምተሻል?»

«መርፌ ነው።»

«ዘመዶቹ እዚህ ቆመው፣ ሰውያቸው በሽታ አለበት ብለሽ ልታስወሪ ነው?»

«እኔ የማስወራው የለኝም። ይኼን ሰው ግን ሐኪም ያየዋል።»

«ይዘሽው ከሄድሽ አምቡላንስ ላይ አትመለሺም።»

ቁስለኛውን ለተረኛዋ ነርስ አስረክቤ አያ ሰይድን ወደ ቧንቧ ወሰድሁት። ሊመጥጠው ሲል ከለከልሁት። ሳይጨምቀው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሳጠብሁት። ሐኪሙ የጉበት በሽታ ክትባት ወስዶ እንደሆነ ጠየቀው። «ለሾፌር ማን ይከትባል?» አለ አያ ሰይድ። በዚያን ጊዜ አልሳቀም።

የቁስለኛው ምርመራ ምን እንዳሳየ አልጽፍም፤ የሰው ምስጢር ነው። አያ ሰይድ ለኤች አይ ቪ መከላከያ የአንድ ወር ኪኒን እንደተሰጠው፣ የመጀመሪያውንም እዚያው እንደዋጠ ብቻ እጽፋለሁ።

እኔን በማግሥቱ ካርድ ክፍል አስቀመጡኝ።

ኪኒኑ አያ ሰይድን እያስታወከ አከሳው። ሚስቱ ከድጃ መድኃኒቱን አየችው፤ በሽታው ያለባት ጎረቤቷ የምትውጠውን ይመስላል። ቢሮ ሄዳ ብትጠይቅ ኃላፊው «እሾህ ወጋው እንጂ መርፌ አላየሁም» አላት። ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ዕቃዋን ሸክፋ ቁስቋም ያለው ቤቴ ድረስ መጣች።

«ሲስተር፣ አትሸፋፍኚልኝ። ባሌ የት ሄዶ ነው ያገኘው?»

«ምንም አላገኘም። እንዳያገኝ ነው የሚውጠው። ያለቃው መርፌ ነው የወጋው፤ እኔ ነቅየዋለሁ።»

«አለቃው እሾህ ነው አለኝ።»

«ዋሽቷል።»

«አንቺ ለምን ካርድ ክፍል ገባሽ?»

«መርፌ ነው ስላልሁ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ለውሸት ብሎ ቦታውን የሚለቅ የለም» አለችኝ። እናቷ ቤት አልሄደችም። ኪኒኑን በሰዓቱ የምታስውጠው እሷ ሆነች።

ከወራት በኋላ የመጨረሻው ምርመራ ነጻ ሆነ፤ የጉበቱም እንዲሁ። አያ ሰይድ ካርድ ክፍሉ መስኮት ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ኃላፊው መርፌ ነበር ብሎ ሳያምን ጡረታ ወጣ። እኔም ወደ አምቡላንሱ አልተመለስሁም።

መርፌውን የተጠቀመበት ሰው ራሱ፣ እዚያው፣ ሳጥኑ ውስጥ ይጣለው። የተወጋም ሰው ታጥቦ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ አለቃውን አያስፈቅድ።