ጠፈጠፍ የነካው በር

አበልጄ የሠራኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን አብረን እንሠራ ነበር፤ እሱ የተጨረመተ የመኪና ላሜራ ቀጥቅጦ ያቃናል፣ እኔ እቀባለሁ። ልጄን ክርስትና ያነሣልኝም እሱ ነው። ወንድሜ ነበር በሉት።

በዚያ ክረምት አጎቴ ሚኒባሳቸውን አመጡልኝ። ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ይውሰዱት ሲላቸው፣ «ያሳደግሁት ልጅ እያለ?» ብለው ነው የመጡት። እጄ ይታመን እንደሆነ በዚያች መኪና ሊታይ ነበር። በሮቹንና ኮፈኑን ፈታን፤ እሱ አቃናቸው፣ እኔም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን ግራጫ ፕራይመር ቀባኋቸው።

ስለ ፕራይመር አንድ ነገር ልናገር። ሰው ቀለም ይመስለዋል፤ አይደለም። ውኃ ይጠጣል! ዋናው ቀለም እስኪያርፍበት ድረስ እንደ አራስ ነው የሚጠበቀው፤ መሬት አይነካ፣ ጭቃ ግድግዳ አይደገፍ፣ በባዶ እጅ አይዳሰስ። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ዝናብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ባለችው መጋዘን በሽቦ አንጠለጠልኋቸው። ይህን ሁሉ አበልጄ ከእኔ እኩል ያውቃል።

ዋናውን ቀለም ስንጠብቅ የሚስቴ አክስት ይፋግ ላይ አረፈች። የመጋዘኗን ቁልፍ ለእሱ ሰጥቼ ለቅሶ ሄድሁ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ በሮቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። የውስጥ ሽፋናቸውን ሳይቀር ገጥሞ ጠበቀኝ። «ደህና ቆዩ?» አልሁት። «ምን ይሆናሉ ብለህ ነው!» አለኝ። ትጋቱን አይቼ መረቅሁት፣ እኔ ሞኙ! በማግሥቱ ቀባሁ። አጎቴም መርቀውኝ መኪናቸውን ይዘው ሄዱ።

ወር ሳይሞላ ቀለሙ ውኃ ቋጠረ። አጎቴ መኪናውን ይዘው መጡ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ምን በደልሁህ ልጄ?» አሉኝ።

አበልጄ ራሱን ነቀነቀና፣ «ይድረቅ፣ ታገሥ ብየው ነበር እኮ፤ ችኩል ነው» አላቸው። ባሳደጉኝ ሰው ፊት!

ጥፋቴን ልፈልግ ብዬ አንዱን በር አወረድሁ። የውስጥ ሽፋኑን ስፈታው፣ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ፕራይመሩ ላይ ቀይ ጭቃ ተረጭቶ ደርቋል። የጣራ ጠፈጠፍ ግድግዳ ላይ የሚተወውን ምልክት እዚህ አገር የማያውቅ የለም።

«ይህ በር ውጭ ነበር!» ብዬ ጮኽሁ።

አጎቴ ጠጋ ብለው አዩት። «ይህን በር እኔም ይዤ አውጥቻለሁ» አሉ። «አንተ ይፋግ ሳለህ የማርያም ማኅበር ተራው የእሱ ነበር። ቤቱ አፈሰሰበትና ማኅበርተኛውን መጋዘኗ ውስጥ አስቀመጠን። በሮቹን አውጥተን ከጣራው ሥር አስደገፍናቸው፤ የነፍስ አባታችን እንኳ አንዱን ጫፍ ይዘዋል። ዝናቡ አያበላሸውም ወይ ብየ ጠይቄዋለሁ። ቀለም ተቀብቷል፣ ምንም አይሆንም አለኝ። እኔ ምን አውቄ?»

ኧረ ምን ጉድ ነው! ለማርያም ጽዋ ክፍሏን ቢጠይቀኝ እንቢ እል ነበር? ወንበሩን ተሸክሜ አመጣለት ነበር። ስመለስ እንኳ «ዝናብ ነክቶታል» ቢለኝ፣ ፍቄ እንደገና እቀባው ነበር። እሱ ግን የበሩን ፊት ጠርጎ ሰቀለው፣ ጭቃውን በሽፋን ደበቀው፣ ቆሞ እያየኝ አስቀባኝ። የበላኝ ይኸ ነው።

የአጎቴን መኪና እስከ ላሜራው ፍቄ ብቻዬን እንደገና ቀባሁት። ዛሬም ይሠራል።

አበልጄንና እኔን የነፍስ አባታችን አስታረቁን። ጉልበቴን ሊስም ሲል ከለከልሁትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁት። ከልቤ ነው ያልሁት። በሚቀጥለው የማርያም ዕለት ተራው የእኔ ነበር፤ ማኅበርተኛውን በዚያችው መጋዘን አስቀመጥሁ፣ ለአበልጄም ጠላውን እኔው ቀዳሁለት።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ስንጀምር እንደ ድሮው እጁን ዘረጋ።

«የመጋዘኗን ቁልፍ» አለኝ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ከትቼ ያዝሁት፤ ላወጣው ብሞክር እጄ እንቢ አለኝ።

«የምትፈልገውን ንገረኝ» አልሁት፣ «እኔው አወጣልሃለሁ።»