ዘጠኝ ሚሊ ሜትር በጳጉሜን

ዓርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ የኮሌጅ ጓደኛዬ የነበረው ይበልጣል ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ይቅር አለኝ። ሠላሳ ዓመት አልተያየንም ነበር። ጠጉሩ ሸሽቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው፤ ገና ሳይለምን የሚያመሰግን ድምፅ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ፣ ወንበሩን ራሱ ስቦ እየተቀመጠ። «ከልቤ ነው።»

«ለምኑ?»

«ለዚያ ቀን ነዋ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለሠራሽኝ ሥራ። ልጆች ነበርን።»

ከዚያም ከቦርሳው ሁለት ገጽ አወጣ። አብረውን የተመረቁት ሰዎች የሠላሳ ዓመት መታሰቢያ መጽሔት እያዘጋጁ ነው። የእሱ ጽሑፍ «በጋራ ያሳደግናት አበባ» ይላል። እሱና እኔ ኦርኪድ የተባለች የዛፍ ላይ አበባ ቤት ውስጥ አሳድገን፣ ተራ በተራ እየለካን እንዳጠናናት፣ ኋላም «በትንሽ አለመግባባት» እንደተለያየን ይተርካል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ትዕግሥት ያለ እኔ ፊርማ አላትመውም ብላዋለች።

«ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ከሥር ፈርሚበት» አለኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ፣ መልሴን ለትዕግሥት እንደምነግራት ገለጽሁለት። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ይህም ጨዋነቱ አናደደኝ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

በ1986 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል የጣለው ከባድ ዝናብ፣ ጣና ዳር ከነበረ አንድ አሮጌ ዋርካ ላይ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጣለ። ይበልጣልና እኔ እዚያው ባለ ኮሌጅ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ነበርን፤ በማግስቱ በዚያ ስናልፍ ቅርንጫፉ ላይ መዳፍ የምታህል ኦርኪድ አየሁ። አምስት ወፋፍራም ቅጠሎች ነበሯት፤ ግራጫ ሥሮቿ ቅርፊቱ ላይ እንደ ጣት ተጣብቀዋል። ይበልጣል ከአንድ ዓሣ አጥማጅ መጥረቢያ ተውሶ ቅርንጫፉን ቆረጠና እስከ ሹም አቦ ሰፈር፣ እስከ ተከራየሁባት ክፍል ድረስ በትከሻው ተሸከመልኝ። ይህን አልክድም። መንገድ ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ጋበዝሁት፤ ሁለት ዓሣ አጥንቱ እስኪያብለጨልጭ ድረስ በላ። የእሱ ድርሻ በዚያው አበቃ።

ቅርንጫፉን በመስኮቱና በአልጋዬ መካከል በሽቦ ሰቀልሁት። የጠዋቱ ፀሐይ በአሮጌ ሻሽ ተጣርቶ ይደርሳታል፤ ከጣራ የሚወርደውን ዝናብ በባልዲ እያጠራቀምሁ ሥሯን አረጥብ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ፣ በየወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቅጠሎቿንና ሁለት ሥሮቿን በብረት ማስመሪያ እየለካሁ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ።

እንዲህ ያለች ኦርኪድ አድጋ የምታስደስት ፍጥረት አይደለችም። በክረምት የሥሮቿ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል፤ ስድስተኛው ቅጠል ከመሐል እንደታጠፈ ጥፍር ብቅ አለ። ከኅዳር በኋላ ግን ሁሉም ነገር ቆመ። በጋውን ሙሉ ያንኑ ቁጥር ደጋግሜ ጻፍሁ። በዓመቱ ያተረፈችው ከአንድ ቅጠል ብዙም አይበልጥም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዐሥራ አራት ሴንቲ ሜትር የነበረችው ዐሥራ ስድስት ሆነች። ይበልጣል ባገኘኝ ቁጥር፣ «ልጅሽ እንዴት አደረች? ጥርስ አበቀለች?» እያለ ይስቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን አለ። በነሐሴ ሠላሳ ምንም አልነበረም። በጳጉሜን አምስት፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ፣ ከሦስተኛው ቅጠል ሥር አንዲት አረንጓዴ ጫፍ አየሁ፤ የአበባዋ ዘንግ። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነበረች። ሦስት ጊዜ ለካኋት። በመስከረም መጨረሻ ሰባ ደረሰች፤ በጥቅምት ወር ነጫጭ አበቦች፣ አምስት ሆነው፣ ፈኩ፤ ሽታቸው ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ የሚመጣ።

መምህራችን አቶ ገረመው፣ ከመመረቂያ ጥናቶች የበለጠውን ያቀረበ ተማሪ በረዳት መምህርነት ኮሌጁ ውስጥ እንደሚቀር፣ ሌሎቻችን ዕጣ ወደደረሰን ትምህርት ቤት እንደምንሄድ ነግረውን ነበር። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር እንደዚያ ተመኝቼ አላውቅም። ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲጻፍ ታዟል። በግንቦት መጨረሻ ዐሥራ ሦስተኛውን ልኬት ጨርሼ ሳበቃ፣ ይበልጣል የሥዕል እጁ መልካም ስለነበር ሠንጠረዡንና ግራፉን ሊሠራልኝ የጥናቱ ረቂቅ ያለበትን ደብተሬን ለሁለት ቀን ወሰደ። አሳምሮ ሠርቶ መለሰልኝ።

በሰኔ፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ ጥናቴን ለማስጻፍ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለችው ወደ እትዬ ዘሃራ ሄድሁ። በወንድሟ የጨርቅ ሱቅ ጥግ የጽሕፈት መኪና ነበራት። የመጀመሪያውን ገጽ እንዳየች ሳቀች።

«ይህቺን አበባ እኮ ባለፈው ሳምንት ጽፌያታለሁ!»

«ተሳስተው ይሆናል፣ እትዬ ዘሃራ።»

«ኧረ ወዲያ! ሚሊ ሜትር፣ ሚሊ ሜትር ስል ጣቴ አልቆ! ረጅሙ ልጅ ነው ያመጣው። ወንድምሽ መስሎኝ።»

የካርቦን ቅጂውን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብሁት። ዐረፍተ ነገሮቹ የእኔ ናቸው። «ዐሥራ ሦስት ጊዜ ተለካች» ይላል። «ዘንጓ መጀመሪያ ስትታይ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነበረች» ይላል። ሠንጠረዡ ግን ዐሥራ ሁለት መስመር ብቻ አለው። እኔ እያንዳንዱን ልኬት በትክክለኛው የፈረንጅ ቀን ለውጬ ነበር፤ እሱ ለመስከረም ሴፕቴምበር፣ ለጥቅምት ኦክቶበር እያለ ስም በስም ተካ። ጳጉሜን ጓደኛ አጣችና ጣላት። ዘጠኙ ሚሊ ሜትርም አብራት ተጣለች።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ተለወጠ?»

«ደኅና ነኝ። የእኔንም ለዓርቡ አቀራረብ ያድርሱልኝ። ለረጅሙ ልጅ ግን እንዳይነግሩብኝ።»

«ውይ! እንግዲያ ነገር አለ» አለች፤ አልነገረችብኝምም።

እስከ ዓርብ ድረስ ከይበልጣል ጋር ምሳ በላሁ፤ ቀልዱን ሳቅሁለት፤ ለአቀራረቡ ነጩን ሸሚዙን ተኩሶ እንዲለብስ መከርሁት። በሕይወቴ ደስ ያሉኝን ቀናት ጥሪ ብባል እነዚያን አስቀድማለሁ።

ዓርብ ጠዋት እሱ ቀድሞኝ አቀረበ። አዳራሹ አጨበጨበለት። እጄን አነሣሁ።

«ዐሥራ ሦስት ጊዜ ለካሁ ብለሃል። ሠንጠረዡ ላይ ስንት መስመር አለ?»

በጣቱ ቆጠረ። «ዐሥራ ሁለት።»

«ዘንጓ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የነበረችው በየትኛው ወር ነው?»

ወረቀቱን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። ከኋላ አንዱ፣ «ፈልግ እንጂ፣ ዓሣ አይደለች አታመልጥህ!» ብሎ አዳራሹን አሳቀ።

«በ... ሴፕቴምበር።»

«ሴፕቴምበር ላይ ሰባ ይላል።»

አቶ ገረመው ቀና አሉ። «አበባዋ የት ነው ያለችው?»

«ቤት ውስጥ።»

«የማን ቤት?»

ወረቀቱን አጠፈ። ተነሥቼ ደብተሬን ጳጉሜን አምስት ላይ ገልጬ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁ። ከዚያ ዞር ብዬ አየሁት። ጆሮው ቀላ፤ ላቡ የተተኮሰውን አንገትጌ አራሰው። ዓይኔን አልነቀልሁም።

ሲያበቃ አቶ ገረመው ለብቻዬ ጠሩኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

«ቢሮዬ መምጣት ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር። ሰኞ ቢሆን ግን የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ ከዚያ ለረዳት መምህርነቱ ስሜን ጻፉ። ለይበልጣል በዕጣ የመሸንቲ ትምህርት ቤት ደረሰው። መሸንቲ ቅርብ ነው፤ እኔ ብመርጥለት ኖሮ የሚርቅ አላጣም ነበር።

ይህን ሁሉ በየካቲቱ ዓርብ፣ ይበልጣል ከቢሮዬ ከወጣ በኋላ፣ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ ተቀምጬ አሰብሁት። ሰው ሲጎለምስ ቁጣው ይበርዳል ይላሉ። የእኔ አልበረደም፤ ለሠላሳ ዓመት በልኩ ተቀምጦ ነበር። ስርቆቱንስ ከፍሎበታል። ያበገነኝ «ተራ በተራ» የምትለዋ ቃል ናት። በዚያ ዝናባማ ጠዋት፣ ማስመሪያ ይዤ በተንበረከክሁባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ደብተሬን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ መስኮቴ ሥር ገብቶ ሊቆም፣ ለዚያም የእኔን ፊርማ ሊወስድ መጣ። በዚያ ላይ ይቅር ብሎኝ!

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለትዕግሥት ደወልሁ።

«ፈረምሽ?»

«አልፈረምሁም።»

«በቃ፣ አወጣዋለሁ።»

«አታውጪው። አንድ ቃል ሳትነኪ፣ ከነርእሱ፣ ከነስሙ አትሚው።»

«አንቺ! ውሸት ከሆነ እንዴት ነው የማትመው?»

«ከእሱ ቀጥሎ ጥቂት ገጽ ያዢልኝ። ጽሑፌ ዛሬ ከሰዓት ይደርስሻል።»

ትዕግሥት ገባት። እሷም ያን ዓርብ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። «ላስነብበው? ከመታተሙ በፊት ይየው?» አለችኝ።

«አይሆንም። ከሰው ጋር እኩል ያንብበው» አልሁ። የእሱ ጽሑፍ ሳይነካ እንዲቀድም፣ ይህ የእኔው ደግሞ ገጹ ሲገለጥ ወዲያው እንዲከተል ተስማማን።