እንደ ጥርስ ብሩሽ ያለ ቁልፍ

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ነበር፤ ወይስ አሥራ ሦስት? የክሊኒኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዛሬም እርግጠኛ አይደለችም። የምታስታውሰው ሁሉም «ቁልፌ» የሚሉት የኔትወርክ ባለሙያ ፊቱን ያጨማደደበትን ሁኔታ ነው።

ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው የታካሚዎችን ፋይል የሚከፍቱበት ቪፒኤን ቁልፉ አርጅቶ ነበር። ቁልፌ ለዓመታት ሲጸየፈው ኖሮ፣ በዚያ ሳምንት የኔትወርኩ በር ጠባቂ በሆነው ፋየርዎል ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ ባለ አራት ሺህ ቢት ሰርተፍኬት፣ ማለትም የመግቢያ ቁልፍ የሆነ ፋይል ሠራ፤ አሮጌውንም ቁልፍ ሻረ።

«የራስሽ ብቻ ናት፣ እንደ ጥርስ ብሩሽ» ብሎ ነበር ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የሷን የሰጣት።

በአራተኛው ቀን ማን እንደገባ የሚያሳየውን የቪፒኤን መዝገብ ቢያይ፣ በአንዲት ሰርተፍኬት አሥራ አንድ ሰው ይገባል፣ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለው ሥራ አስኪያጁን።

«የኔ እንቢ ሲለኝ ከሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይቺን አወረድኩ። ምን ነገር ታካብዳለህ? ሁላችንም ቤተሰብ አይደለን?»

«እንግዲያው አንድ የጥርስ ብሩሽ ገዝተን በየተራ እንፋቅበታ!»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም አብራ ሳቀች። ለቸኮለች ነርስ ጓደኛዋ የራሷን ሰርተፍኬት የላከችው ግን እሷ ነበረች። ከነርሷም አልፎ ግሩፑ ላይ ወጣ።

ቁልፌ የኮመጠጠ ወተት እንደጠጣ ሰው አፉን አጣመመ። ያቺን ሰርተፍኬት ሻራት፤ የማን እንደሆነች ግን ትንፍሽ አላለም። የሥራ ባጁን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

«ስሜን አይተህ ነው ዝም ያልከው?» ልትለው ተከትላው ወጣች። ደረጃው ባዶ ነበር፤ የታችኛው በር ሲዘጋ ብቻ ሰማች።