አንዲት ጥቁር ሳንቲም ይዘን ብሮድ ስትሪትን ከጫፍ እስከ ጫፍ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ዋይትሆል

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አገር አናቋርጥም፤ ብሮድ ስትሪትን ይዘን ከምሥራቅ ኮሎምበስ ወደ ምዕራብ ኮሎምበስ ነው የምንሄደው። መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዳሩ እትዬ አበበች ለዚህች መንገድ በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ አሥራ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁለት ፔርሙዝ ሻይና አንድ ብርድ ልብስ ስለጫኑ፣ እኔም የጉዞ ማስታወሻ ብዬ ብጽፈው የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

የእሳቸውና የባለቤታቸው የጋሼ ታደሰ ቤዝመንት ተከራይ ነኝ። ጋሼ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሹፌራቸውም ሆኛለሁ። የዛሬው ጉዞ ምክንያት በእትዬ ቦርሳ ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልላ ያለች አንዲት ጥቁር ሳንቲም ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው በ2020 ኮሮና ቤት አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዜና እየሰሙ ሲተክዙ ከረሙ። ባለፈው በልግ ቴክሳስ ያለው ልጃቸው መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ ማሽን ላከላቸው። ጋሼ ነፍስ ዘሩ። ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ትንሽ አካፋ በቀበቷቸው ሰክተው መውጣት ጀመሩ። እትዬ ግን ደማቸው ፈላ፤ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸው የጎመን መደባቸው ላይ ነበራ! ጎመኑ ተነቅሎ የተገኘው አንድ የዛገ ሚስማር ነው።

በመጨረሻ ጋሼ ይቺን ጥቁር ሳንቲም ቆፍረው ሲያወጡ ተስማሙ። ምዕራብ ጫፍ አንድ አዳራሽ ውስጥ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ሰው ቆፍሮ ያገኘውን እያዩ ምንነቱን በነጻ ይነግራሉ። ሳንቲሟ እውነተኛ የድሮ ከሆነች ማሽኑ ቤት ይቆያል። ተራ ብረት ከሆነች ለቤተ ክርስቲያን ባዛር ይሰጣል። ጋሼ ቃላቸውን አያጥፉም። ሌሊቱን እንዳልተኙ ፊታቸው ይናገራል።

"ስጪኝ፣ በኪሴ ልያዛት" አሉ ገና መኪና ውስጥ ሳይደላደሉ።

"ኪስህ ቀዳዳ ነው። እኔ ጋ ትሁን" ብለው እትዬ ቦርሳቸውን አቀፉት።

ትናንት አመሻሽ ላይ ፔርሙዝ ላቀብላቸው ስወጣ ወጥ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይል ነበር። የፋሲካውን ሥጋ ከጠበስንበት ግሪል የተረፈ አመድ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አይቻለሁ። ለነገው ዳግማይ ትንሣኤ የብር መስቀላቸውን እየወለወሉ መስሎኝ ልብ አላልኩም።

1 ሰዓት፣ ቤክስሊ

ከዋይትሆል አፓርታማዎች ወጥቶ ቤክስሊ የሚገባ ሰው በአንዴ ጥላ ውስጥ ይገባል። ዛፍ፣ የድንጋይ ቤት፣ የተላጨ የመሰለ ሣር፣ ውሻ የሚያናፍሱ ባለ ማስክ ሽማግሌዎች።

"እዚህ ጋ አቁሚ" አሉ ጋሼ። አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው የኦክ ዛፍ ቆሟል። ሳንቲሟ የተገኘችው ሥሩ ነው።

ጋሼ ይህን ግቢ ለመቆፈር ፈቃድ ሊጠይቁ የመጡት ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነው። የቤቱ ባለቤት ማርጋሬት የሚባሉ አሮጊት፣ ሰባኪ መስሏቸው በሩን ሊዘጉባቸው ነበር። አሁን ግን በካፖርታቸው ወጥተው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

"የት እንደቆፈረ እስካሁን አላገኘሁትም!" አሉኝ እየሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ጋሼ ሣሩን እንደ ክዳን አንሥተው፣ አፈሩን በጨርቅ ላይ አኑረው፣ ሲጨርሱ መልሰው ይገጥሙታል።

"የእኔን መደብ እንዲህ አልገጠመውም" አሉ እትዬ በአማርኛ።

አንድ አንድ እንቁላል በላን። ማርጋሬትም ደረሳቸው።

2 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ዳውንታውን

ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ የመንግሥት ቢሮዎቹ ጭር ብለዋል። ጋሼ የድሮ ጋራዣቸው ጋ ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የጣለውን ሳንቲም ከመኪና ሥር ሳነሣ ኖሬያለሁ። ሁሉም የሚታወቅ ነው። ይቺን ግን ማን እንደጣላት አላውቅም። ከሠፈሩ በፊት፣ ከመንገዱ በፊት የነበረ ሰው ይሆናል። ይኼ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።"

 እትዬ ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ወንዙን ተሻገርን። አንድ ማደያ ጋ ቆመን እኔ በዶላር ከሩብ ዶናት ገዛሁ። ድፎ እያለ ዶናት በመግዛቴ እስከ ምዕራብ ጫፍ ተወቀስኩ።

3 ሰዓት፣ ምዕራብ ጫፍ፣ አዳራሹ

በሩ ላይ ሳጥን የታቀፉ አዛውንቶች ተሰልፈዋል። የእኛ ተራ ሲደርስ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ዶን የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጢማቸው ከማስካቸው ሥር አምልጦ ወጥቷል። ፊታቸው ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ሚዛንና ማግኔት አለ።

ጋሼ መጀመሪያ የፕላስቲክ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ዶን አንድ ቁልፍ አገላብጠው ከጀርባው ያለውን ቀለበት አሳዩንና የድሮ የወታደር ኮት ቁልፍ ነው አሉ። ሌላው የቢራ ጣሳ መክፈቻ ነው። ጋሼ ለሁለቱም በእኩል አክብሮት አመሰገኑ።

"አሁን ዋናዋን" አሉ።

እትዬ መሐረቡን ፈቱት። ጋሼ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስትገኝ እንደ ከሰል የጠቆረችው ሳንቲም እንደ አዲስ ማንኪያ አብረቀረቀች። ያኔ የትናንቱ ሎሚና አመድ ትዝ አለኝ።

ዶን መዘኗት። ማግኔት አስጠጉ፤ አልሳባትም። ጠርዟን በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ ላይዋ የተቀረጸችውን የተቀመጠች ሴት በማጉያው አዩ፣ ገለበጧት።

"እውነተኛ ናት" አሉ። "ብር ናት። የግማሽ ዶላር ሳንቲም፣ 1858። ከጀርባዋ፣ ከንስሩ ምስል ሥር ያለችው ኦ ፊደል ኒው ኦርሊንስ መሠራቷን ትነግረናለች።"

"በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?" አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

"አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ" አሉ ጋሼ።

ዶን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ማነው ያጠባት? ጥቁረቷ ቆሻሻ አልነበረም። በመቶ ስልሳ ዓመት ያበጀችው ቆዳዋ ነበር። ሰብሳቢ የሚወደው እሱን ነው። አሁን ተፍቋል፤ ጭረቱ ይታያል። እንዲህ የሆነችውን የሚፈልግ የለም።"

እንግሊዝኛ አይገባኝም የሚሉት እትዬ ይህን አልሳቱትም። እጃቸው ሻሻቸው ላይ ቀረ። ጋሼ ወደ ሚስታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ዶን ዞሩ።

"አይ ዲድ ኢት" አሉ። "እኔ ነኝ። አላወቅኩም ነበር።"

ዶን ሳቁ። "አይዞህ፣ ሁላችንም አንዴ እንሳሳታለን። እኔ የመጀመሪያዬን በጥርስ ሳሙና ነው ያጠብኳት።"

4 ሰዓት ተኩል፣ በመመለሻው ላይ

 የወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ እትዬ ጀመሩ።

"ጥቁር ነገር ይዘህ ፈረንጅ ፊት ስትቆም እንዳይስቁብህ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ማሽኑ እንዲሄድልኝ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እንድታፍር አልፈለግኩም።"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ፣ አቤ። ከመስቀልሽ እኩል ወልውለሻታል፤ በምን አፌ ልቆጣ?"

መንዳቱ ላይ ነኝና ዓይኔን መጥረግ አልቻልኩም። ዶናቱን ነከስኩ።

"ባዛሩስ?" አልኩ።

"ባዛሩ ቀርቷል" አሉ እትዬ ቆጣ ብለው። "እውነተኛ ናት ሲል አልሰማሽም?"

5 ሰዓት፣ ዋይትሆል

ቤት ስንደርስ እትዬ ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱ። ማሽኑን ራሳቸው ከመጋዘን አውጥተው ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ ደፉት። ጋሼ አያያዙን አሳዩዋቸው። አጥሩ ሥር ማሽኑ ጮኸ፤ እትዬ እንደ ሕፃን ዘለሉ። የጎመን መኮትኮቻቸውን አንሥተው፣ ጋሼ እንደነገሯቸው ሣሩን እንደ ክዳን ገለጡና አንድ ጭቃ የለበሰ ክብ ነገር አወጡ። ወዲያው የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዙ።

"ኧረ እንዳትጠርጊው!" ጮኹ ጋሼ።

እትዬ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እትዬ ነጩን መሐረብ ዘርግተው ያንን ነገር ከነጭቃው በጥንቃቄ አስቀመጡት፤ ጋሼም መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

"ዝገቱን ሳይ በጣም የቆየ ነው" አሉ።

"እኔም ታይቶኛል" አሉ እትዬ።

ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዙ ከቆምኩበት ይታየኛል። የቢራ ቆርኪ ነው። ፔርሙዙን ከመኪናው አምጥቼ ሻይ ቀዳሁላቸው።