ከበሩ ሥር የሚገባው ንፋስ

የያዙኝ በሐምሌ ነው፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ። ጎንደር ጉም ለብሳ ነበር። ምነው ብዬ ጠየቅሁ፤ የነገረኝ የለም። ለሃያ ሰው በማይበቃ የእስር ክፍል ከአርባ በላይ ሆነን ተጠጋጋን። ከጣሪያው ሥር አንዲት የሽቦ መስኮት፣ ከብረት በሩ ሥር ደግሞ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። የአዲስ ገቢ ቦታ በሩ ሥር ነውና ክፍተቱ የኔ ድርሻ ሆነ።

ብርዱ ወገቤን ሲቆርጠኝ ሦስት ቀን ቻልሁት። በአራተኛው ከቤት የተላከልኝን ሹራብ ጠቅልዬ ክፍተቱን ወተፍሁት።

"ተባረክ! ንፋስ ሊመታን ነበር እኮ" አሉኝ አብረውኝ የታሰሩት። እኛ አገር ንፋስ ከዱላ ይልቅ ይፈራል። እኔም ደግ የሠራሁ መሰለኝ።

ከጎኔ ከትክል ድንጋይ ገጠር የመጡ አስም ያለባቸው ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። አያ እላቸዋለሁ። ያን ቀን ዝናቡ አላባራ ብሎ በሩ እንደተዘጋ ዋለ። ከምሳ በኋላ ግድግዳው ማላብ ጀመረ፤ የአያም ደረት ማፏጨት ጀመረ። ከንፈራቸው ጠቆረ።

"አያ፣ ምነው?"

"አየሩ ቆመ፣ ልጄ። አውድማ ላይ እህል ስናዘራ እንዲህ ሲሆን... መንሹን አስቀምጠን እንጠብቃለን። ቆላው ሲሞቅ ንፋሱ ሽቅብ ይመጣል።"

ዐይናቸው ሹራቤ ላይ አረፈና ተመለሰ። አንሣው አላሉኝም፤ ይሉኝታ ያዛቸው።

አፈርሁ። አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው! ሞቃቱ አየር ቀላል ነውና ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በሥሩ ገብቶ ይተካዋል፣ ንፋስ ማለት ይኸው ነው እያልሁ ሰሌዳ ላይ ቀስት ስስል ኖሬያለሁ። የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ በመስኮቷ እንዲወጣ ከታች የሚገባ ይፈልጋል። መግቢያውን የደፈንሁት እኔው ነኝ።

ሹራቡን ሳብሁት። ብርዱ ገባ።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትፈጀን ነው?" ብሎ ጮኸ ካቦው፣ እሱም እንደኛው እስረኛ ሆኖ ክፍሉን የሚያዝ።

"የሚመታው እኔን ነው። ከዚህ አልነሣም። እሳቸው ግን ትንፋሽ አጡ።"

ከሹራቡ ክር መዝዤ ክፍተቱ ላይ አንጠለጠልሁት። ክሩ በንፋሱ ወደ ውስጥ ዘመመ። መስኮቷ ጋ ያለው ልጅ እጁን ዘረጋና "እዚህ ይወጣል!" አለ። የአያን ደረት ስናዳምጥ ቆየን። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ረገበ።

ካቦው ምንጣፉን እየጎተተ መጣ። "ነገ እዚህ የምተኛው እኔ ነኝ። ከዚያ በተራ ነው" አለ። አያ የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠባቂዎቹ አያን ጠርተው ወሰዷቸው። ይኑሩ አይኑሩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔ ተፈታሁ፤ አሁንም አስተምራለሁ። ደክሞኛል፣ ክርክርም አልወድ። ወደ ጠዳ በሚሄድ ሚኒባስ ስሳፈር ግን ሁልጊዜ መስኮቱ አጠገብ እቀመጥና ሁለት ጣት ያህል እከፍተዋለሁ። "ኧረ መስኮቱ ይዘጋ!" ይሉኛል ከኋላ።

"የሚመታው እኔን ነው" እላለሁ።