እርምጃ የተወሰደበት ታምቡር

አድነው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማኅተም የሚመታ ጸሐፊ ነው፤ ጉለሌ ቤቱ ሲገባ ግን መሐንዲስ ይሆናል። ሚስቱ ዓለምነሽ ለውጡን ገና ከሩቅ በአረማመዱ ታውቀዋለች። አብዮቱ ሲፈነዳ አገር ለቆ ከሄደ ጣሊያን የገዛትን አሮጌ ፊያት ማንም መካኒክ እንዲነካት አይፈቅድም። መካኒኮች ለእሱ «ሳይንስ ያልገባቸው ቅባታሞች» ናቸው።

ያን ቅዳሜ ግን ነገሩ የዋዛ አልነበረም። የዓለምነሽ ታናሽ እህት ደሳለች በማግስቱ ታገባለች፤ ሙሽራዋን በፊያቷ ሸጎሌ ለማድረስ አድነው በዘመድ ሁሉ ፊት ቃል ገብቷል። የኋላው ፍሬን ደግሞ ቁልቁለት ላይ አልይዝ ብሏል። ጎማውን አንቆ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ መቀየር አለበት፤ ሸራው ያለው ታምቡር በሚሉት ክብ ብረት ውስጥ ነው፤ ታምቡሩ አልወጣም አለ።

ጠዋት ነጭ ጋዝ አጠጣው። ቀጥሎ በካቻቢቴ ሊፈለቅቀው ሞከረ። ረፋዱ ላይ መዶሻ አነሳ። የዓለምነሽ ታላቅ ወንድም ቶለሳ፣ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ እየመጠጠ ያየዋል።

«አማቼ፣ እየመታኸው ነው ወይስ እያስተማርከው?»

«አንተ ጆንያህን ቁጠር!» አድነው ላቡን ጠረገ። «ይሄ አድኃሪ ብረት ነው። በምክር አይመለስም።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«እርምጃ እወስድበታለሁ!»

ከአጥሩ ወዲያ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታቸው ቡርቱካን እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። ባሏ የተገደለው «እርምጃ ተወሰደበት» ተብሎ ነው። ቶለሳም ሸንኮራውን ከአፉ አወጣ። አድነው ግን አልታወቀውም። ያ ቃል ሬሳ መንገድ ላይ በሚያሳድርበት ሰሞን አልጋ ሥር ነበር የከረመው፤ ፖፖውን የምትደፋለት ዓለምነሽ ነበረች። ዛሬ ብረት ላይ ጀገነ። ደጃፉ ላይ ሆና የሰማችው ሚስቱ አፈረችበት እንዳይባል፣ ማፈር ትንሽም ቢሆን ፍቅር ይጠይቃል፤ ተጸየፈችው።

ለሙሽራዋ ነጭ ጨርቅ ልታነጥፍ የመኪናውን በር ከፈተች። የእጅ ፍሬኑ ሽቅብ ተገትሯል።

ዳገት ላይ የሚኖር ሰው መኪና ሲያቆም እጁ ሳያስበው የእጅ ፍሬን ይስባል፤ ጎማ ሥርም ድንጋይ ይሸጉጣል። አድነው ሁለቱንም አድርጓል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ እንደሆነ በየመንገዱ ሲያስተምራት የኖረውም እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ አንቆ ይዞታል፤ ሰውየው ከውጭ ይቀጠቅጣል።

ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ «አውቄ ነው» እንደሚላት ስለምታውቅ መልሳ ዘጋችው። ከፊት ጎማዎች ሥር ያሉትን ድንጋዮች በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አየች፤ አይንቀሳቀሱም። የእጅ ፍሬኑን ቀስ ብላ አወረደችው።

በሚቀጥለው ምት ታምቡሩ ተላቀቀ።

«አያችሁ!» አድነው እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ አነሳው። «ሳይንስ!»

ቶለሳ ተጠግቶ አየ። የታምቡሩ ጠርዝ ተሰንጥቋል፤ ከጠዋት ጀምሮ የወረደበት መዶሻ ሥራ ነው።

«በዚህ ነው ደሳለችን የምታወርዳት?»

«ይሄማ... ድሮም የነበረ ነው» አለ አድነው፣ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ እየሸፈነ። «ጣሊያኑ ነው ያበላሸው።»

ዓለምነሽ ነጩን ጨርቅ ከፊያቷ አንስታ አጠፈችውና ለወንድሟ ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ጋቢናህን ጥረግና ይሄን አንጥፍበት። ሙሽራዋን ነገ አንተ ትወስዳታለህ።»

«ሙሽራ በእህል መኪና!» ጮኸ አድነው። «ሰው ምን ይላል?»

«ፍሬን አለው» አለች።

የእጅ ፍሬኑን ነገር አልነገረችውም። ብትነግረው ሰኞ መሥሪያ ቤት ገብቶ ለሌላው ያስተምርበት ነበር።